ዲለሩ መኪናችሁን አበላሽቶ ሲመልስላችሁ፦ ከመጀመሪያዋ ሰዓት እስከ ፍርድ ቤት

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ከዲለር ሰርቪስ ጋር ስንጋጭ ብዙ ጊዜ የምንሸነፈው ጥፋቱ የእኛ ሆኖ አይደለም። መኪናውን ቀድሞ ሌላ ሰው ስለነካው ነው።

ታሪኩ ይታወቃል። ዘይት አስቀይረን በወጣን በማግስቱ ከሞተሩ ሥር ጠብታ እናያለን። የምናውቀው መካኒክ ጋ እንደውላለን። እሱም፣ እግዜር ይስጠው፣ «ከእነሱ ጋር ምን አጨቃጨቀህ፤ አምጣት፣ በሃያ ደቂቃ አስተካክልልሃለሁ» ይላል። ያስተካክላል። ማስረጃውም አብሮ ተጠርጎ ይጣላል። ከዚያ ገንዘባችንን ለማስመለስ ዲለሩ ጋ ስንሄድ መልሱ አንድ ነው፦ «ከእኛ በኋላ ሌላ ሰው ከፍቶታል።»

ሁለተኛው መሸነፊያ አፍ ነው። እንደውላለን፣ እንጮኻለን፣ ካውንተሩ ላይ እንጨቃጨቃለን። በጽሑፍ የሚቀር ነገር ግን የለም። ከወር በኋላ እነሱ ወረቀት አላቸው፣ እኛ ንዴት ብቻ።

ከታች ያለውን በተራው ተከተሉ። የጠቀስኳቸው ሕጎችና ቁጥሮች የእነዚህ ሦስት አካባቢዎች ናቸው። ሌላ ስቴት ያለ ሰው ቅደም ተከተሉን ይውሰድ፤ ቁጥሩን ከራሱ ስቴት ያጣራ።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ለዩ

ለሥራው የከፈለው ማን ነው? እናንተ ከሆናችሁ ጉዳዩ በእናንተና በዲለሩ መካከል ነው። ዲለሩ የቶዮታን ወይም የሆንዳን ስም ሰቅሎ ይሥራ እንጂ የግለሰብ ንግድ ነው፤ ፋብሪካው «እሱ ራሱን የቻለ ድርጅት ነው» ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ሥራው በፋብሪካው ዋስትና የተሠራ ከሆነ ግን ከፋዩ ፋብሪካው ስለሆነ እሱም ያገባዋል።

ብዙ ሰው «ሌመን ሎው አለ አይደል?» ይላል። እሱ ፋብሪካው የፈጠረው ጉድለት ተደጋግሞ ተሞክሮ ያልተስተካከለ አዲስ መኪናን ይመለከታል። የተበላሸ የዘይት ለውጥን አይመለከትም። እርሱት።

1. መኪናውን አቁሙ

ማንቆርቆሪያ የምትመስለው ቀይ የዘይት መብራት ከበራች ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፉ። «ዲለሩ ቅርብ ነው፣ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» አትበሉ። ያለ ዘይት ግፊት የሚሽከረከር ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሻል። ከዚያ ክርክሩ ስለ 90 ዶላር ዘይት መሆኑ ቀርቶ ስለ ሞተር ይሆናል። መብራቱ በርቶ መንዳታችሁን ካወቁ ደግሞ ሞተሩን ያቃጠላችሁት እናንተ ናችሁ ይላሉ፤ ዳኛም ሊሰማቸው ይችላል።

ፍሬን ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ከሆነ፣ መሪ ወደ ጎን የሚጎትት ከሆነ፣ ጎማ ካስቀየራችሁ በኋላ መኪናው የሚንቀጠቀጥ ከሆነም አትንዱ። የጎማ ቡሎን የሚጠብቅበት ልክ አለው። ለምሳሌ የቶዮታ ካምሪ 76 ፉት-ፓውንድ ነው። አንዳንዱ መካኒክ በእጁ ጀምሮለት ሌላ ሥራ ሲጠራው ሳያጠብቅ ይረሳዋል። ሌላው በአየር መፍቻ ደብድቦ ያስረውና ቡሎኑን ይሰብረዋል።

ካቆማችሁ በኋላ ዲለሩ ጋ ደውሉና በራሳቸው ወጪ አስጎትተው እንዲወስዱ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ወይም ከተዘጉ በኢንሹራንሳችሁ የመንገድ ዳር እርዳታ አስጎትቱ። ደረሰኙን ያዙ። ስንት ሰዓት እንደደወላችሁና ማን እንዳነሳ ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

*አንድ ነገር ብቻ መንካት ይቻላል።* የላላ የጎማ ቡሎን ካገኛችሁና የቆማችሁት ሃይዌይ ዳር ከሆነ ሕይወት ይቀድማል። ፎቶ አንሱ፣ አጥብቁ፣ ከዚያ ውጡ።

2. ማንም ሳይነካው ቅረጹት

በመጀመሪያ ሳይቆረጥ የተቀረጸ አንድ ቪዲዮ ያስፈልጋል። ከታርጋው ጀምሩ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማይል አሳዩ፣ ሳታቋርጡ ወደ ብልሽቱ ሂዱ። ቪዲዮው ከተቆራረጠ «ይሄ የሌላ መኪና ነው» ለሚል ሰው በር ይከፍታል። ከዚያ ፎቶ በብዛት አንሱ።

ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ማታ ንጹህ ካርቶን ከሥሩ አንጥፉ። ጠዋት የጠብታውን ቦታ በእስኪሪብቶ ክበቡና ቀን ጻፉበት። ካርቶኑን አትጣሉት። ከየት እንደሚፈስ ከታች በባትሪ መብራት አይታችሁ ብቻ ተመለሱ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ግን በምንም ተአምር አትግቡ።

ዘይት በተቀየረ ማግስት ሲፈስ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የማፍሰሻው ቡሎን ላልቷል ወይም ጥርሱ ተበልቷል፤ ወይ ደግሞ የድሮው ፊልትሮ ጎሚኒ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ከነጎሚኒው እላዩ ላይ ታስሯል። ሁለት ጎሚኒ ተደራርቦ አይይዝም። ሞተሩ ሠርቶ ግፊት ሲያገኝ ዘይቱን ይተፋዋል። ይህን ማወቅ የሚጠቅማችሁ ልትጠግኑት አይደለም፤ ማናጀሩ ፊት ምን እንዲታይ እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው።

ነገሩ በእኔም ደርሷል። አንድ ዲለር «የካቢን ፊልትሮ ቀይረናል» (ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን) ብሎ 79 ዶላር አስከፈለኝ። ቤት ስደርስ ከተሳፋሪው ፊት ያለችውን መሳቢያ አወረድኩ። የእኔ መኪና ላይ መፍቻ እንኳ አይፈልግም። ፊልትሮው ጠርዝ ላይ ባለፈው ዓመት በእስኪሪብቶ የጻፍኳት ቀን እንዳለች ናት። ከላይዋ የደረቀ የሜፕል ቅጠል ተኝቷል። በንዴት መንቅዬ ልወረውረው ነበር፤ እጄን ሰበሰብኩ። በቪዲዮ ቀርጬ እንደነበረ መለስኩት። በማግስቱ እዚያው የእነሱ ግቢ ውስጥ ማናጀሩ በራሱ እጅ እንዲያወጣው ጠየቅኩት። ቅጠሉ ጭኑ ላይ ወደቀ። 79 ዶላሩ የዚያኑ ቀን ተመለሰ። ነቅዬ ይዤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ «ይሄን ከየት እንዳመጣኸው በምን እናውቃለን?» ነበር የሚሉኝ።

3. ወረቀቱን ከፊትም ከጀርባም አንብቡ

የሥራ ትእዛዙ፣ እነሱ ሪፔር ኦርደር የሚሉት፣ የጉዳያችሁ አጥንት ነው። ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ እናንተ ምን ብላችሁ አመጣችሁ፣ መካኒኩ ምክንያቱ ምንድን ነው አለ፣ ምን ሠራ። ሲገባና ሲወጣ የነበረውን ማይልም እዩ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመጀመሪያው ላይ ነው። እናንተ «ፍሬን ስይዝ ከፊት በግራ በኩል ይፋጫል» ብላችሁ ነግራችኋል። አድቫይዘሩ፣ ካውንተሩ ላይ ተቀብሎ የሚመዘግባችሁ ሠራተኛ፣ የጻፈው «ደንበኛው ፍሬን ይታይልኝ ብሏል» ነው። መካኒኩ የፍሬኑን ሸራ ለካ፣ «ደህና ነው» ብሎ ጻፈ፣ ጨረሰ። በወረቀቱ መሠረት ዋሸ ማለት አትችሉም።

ጀርባው ላይ ያለችው ደቃቃ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ እነዚህን ፈልጉ፦

- በዕቃውና በሥራው ላይ የስንት ወር ወይም የስንት ማይል ዋስትና እንደሰጡ
- «መኪናው በቆመበት ጊዜ ለቀረ ገቢ ተጠያቂ አይደለንም» የሚል መስመር (ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ በተለይ)
- ከፍርድ ቤት ይልቅ በግልግል እንጨርሳለን የሚል አንቀጽ

ወረቀቱ ከጠፋችሁ አትጨነቁ። ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ እንደገና እንዲያትሙላችሁ ጠይቁ፤ ኮምፒዩተራቸው ውስጥ አለ። የመኪናውን ሙሉ የሰርቪስ ታሪክም አብረው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ይህን ጠብ ከመጀመሩ በፊት አድርጉት። ከተጣላችሁ በኋላ «ማተሚያው ተበላሽቷል» ይመጣል።

4. ተመልሳችሁ ሂዱ

ሰኞ ጠዋት አትሂዱ። ቅዳሜም አትሂዱ። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ የጠዋቱ ግፊያ ካለፈ በኋላ ሂዱ። አድቫይዘሩን አልፋችሁ ሰርቪስ ማናጀሩን ጠይቁ። አድቫይዘሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በብዙ ዲለር ከሚሸጠው ሥራ ኮሚሽን ያገኛል፤ የተበላሸን ሥራ በነጻ መድገም ለእሱ ኪሳራ ነው። መካኒኩም ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በሥራው ዓይነት እንጂ በሰዓት ስላልሆነ የድጋሚ ሥራ ሲመጣበት ፊቱ ይጠቁራል። ወሳኙ ማናጀሩ ነው።

እንዲህ በሉ፦ «በዚህ ቀን ይህን አሠርቼ ይህን ያህል ከፍያለሁ። ከ41 ማይል በኋላ ይህ ሆነ። ማንም አልነካውም። እዩልኝ።» እዚህ ላይ አቁሙ። ሌባ፣ ዘረኛ፣ አጭበርባሪ የሚሉ ቃላት ልባችሁ ውስጥ ይቆዩ። እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ማናጀሩ ስለ ዘይቱ ማውራቱን ትቶ ስለ ባህሪያችሁ እንዲያወራ ምክንያት ይሰጡታል።

ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

- አዲስ የሥራ ትእዛዝ ይከፈት፤ ቅሬታዬ በራሴ ቃል ይጻፍበት። ሳትፈርሙ አንብቡት።
- ጥፋቱ ከቀድሞው ሥራ የመጣ ከሆነ የምርመራ ክፍያ እንደማትጠየቁ ይጻፍ። በቃል «አይዞህ» ማለት አይበቃም።
- ሥራውን የሠራው ሳይሆን ፎርማኑ ይየው።
- መኪናው ከፍ ብሎ ሳለ እኔም ልየው። በኢንሹራንስ ምክንያት አይቻልም ሊሉ ይችላሉ፤ እንግዲያው ፎቶና ቪዲዮ አንስተው ይላኩ።
- የሚወጣው አሮጌ ዕቃ ይመለስልኝ። ይህን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ለፋብሪካ መመለስ ያለበት ካልሆነ በስተቀር ይህን መብት ይሰጣሉ።
- እስኪሠራ የምነዳው መኪና ይሰጠኝ።

አዲስ ሥራ ካስፈለገ የጽሑፍ ግምት ውሰዱ። ሜሪላንድ ውስጥ ጥገናው ከ50 ዶላር በላይ ከሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ከጽሑፍ ግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ያለ ፈቃዳችሁ መጨመር አይችሉም። በስልክ «እሺ» ማለትም ፈቃድ ነውና ሥራ ላይ ሳላችሁ ሲደውሉ በችኮላ እሺ አትበሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ንግግሩን በድብቅ አትቅረጹ

ሜሪላንድ ውስጥ የሰውን የግል ንግግር ሁሉም ሳይስማሙ በድብቅ መቅረጽ ወንጀል ነው። ዲሲና ቨርጂኒያ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ማወቁ ይበቃል፣ ያ አንዱም እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ አሌክሳንድሪያ የሚሠራ ሰው ሁለቱን በቀላሉ ያምታታል። ያለ ቅጂውም ስለምትችሉ ተዉት። የመኪናውን ብልሽት መቅረጽ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አይከለከልም።

ቋንቋን በተመለከተ፦ የ12 ዓመት ልጃችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። ልጁ «አባዬ ተናዷል» ብሎ አሳጥሮ ይተረጉመዋል፣ ያፍራልም። የመኪና ቃላት የሚያውቅ ጓደኛ ይሻላል። ከሌለ የምትናገሩትን ጽፋችሁ፣ አሳርማችሁ፣ አትማችሁ ያዙ።

እንዲህ ሲሏችሁ እንዲህ መልሱ

«ችግሩ አልታየንም።» መካኒኩ አብሯችሁ እንዲነዳ ጠይቁ። መሪውን እናንተ ያዙ፣ ድምፁ የሚሰማበት መንገድና ፍጥነት ላይ ውሰዱት። ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ መኪናውን አሳድሩትና እነሱ ጠዋት እንዲያስነሱት አድርጉ። ያም ሆኖ ካልታየ «አልታየም» ብለው ይጻፉ። ያችም ወረቀት ናት፤ ተደጋግማችሁ መምጣታችሁን ታሳያለች።

«ይሄ ሌላ ችግር ነው፣ ከሠራነው ጋር አይገናኝም።» ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም እውነታቸውን ነው። ዘይት ስለቀየሩ ኤሲ አይበላሽም። ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡ። ከዚያ ወደ ደረጃ 6።

«ውጭ ስላሠራኸው ዋስትናህ ተሰርዟል።» ይህ ብቻውን አይሠራም። ከ1975 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ፣ ማግነሰን-ሞስ የሚባለው፣ መኪናውን ውጭ ሰርቪስ ስላስደረጋችሁ ብቻ ዋስትና መከልከልን አይፈቅድም። ብልሽቱ የመጣው ከውጭው ሥራ መሆኑን ማሳየት አለባቸው። የዘይትና የፊልትሮ ደረሰኞቻችሁን ግን ያዙ።

«ክፈልና መኪናህን ውሰድ።» እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፦ አልከፍልም ብሎ ትቶ ይሄዳል። ዲለሩ ላልተከፈለ ጥገና መኪናውን ይዞ ማቆየት ይችላል፤ የማቆሚያ ክፍያ ሊቆጥርም ይችላል። መኪናው እንጀራችሁ ከሆነ ክፈሉ። ነገር ግን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ በዴቢትም፣ በዜልም፣ በጥሬ ገንዘብም አይሁን። በእነሱ ቅጂ ላይ ከፊርማችሁ ጎን «በተቃውሞ የተከፈለ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ፎቶም አንሱት።

5. የዚያኑ ቀን ኢሜይል ላኩ

ቤት ደርሳችሁ እራት ሳትበሉ። ለማናጀሩ አምስት መስመር ይበቃል፦ ዛሬ ስንት ሰዓት ተገናኘን፣ ምን አሳየሁህ፣ ምን አልከኝ፣ ምን ቃል ገባህ፣ እስከ መቼ። መጨረሻ ላይ «የተሳሳትኩት ካለ አርመኝ» በሉ። ካላረመ ኢሜይላችሁ እንዳለ ይቆማል። ከዚህ በኋላ በስልክ ለሚነገራችሁ ነገር ሁሉ ይህንኑ አድርጉ።

ፋብሪካው የሚልከውን የእርካታ መጠይቅ እስካሁን አትሙሉ። ዲለሮች ያቺን ነጥብ በጣም ይፈሯታል፤ አድቫይዘሩ «አስር ስጠኝ» የሚላችሁ ለዚህ ነው። ገና ያልተሞላ መጠይቅ ከተሞላው ይልቅ ያነጋግራል።

6. ሁለተኛ መካኒክ፦ ይይ እንጂ አይንካ

ማናጀሩ እምቢ ካለ አሁን ነው ሌላ መካኒክ የሚፈለገው። ዘመድ አይሁን። ኤኤስኢ የሚባለው የሙያ ማረጋገጫ ያለው፣ ቋሚ ጋራዥ ያለው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ይሁን። «መርምር፣ አትፈታ፣ አትጠግን» በሉት። ለምርመራው ክፈሉ፤ በነጻ የተጻፈ ወረቀት የወዳጅ ወረቀት ይመስላል።

ደብዳቤው ውስጥ የግድ መኖር ያለበት፦ ቀን፣ የሻሲ ቁጥር፣ ማይል፣ ምን እንዳየ፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነና ያ ምክንያት ከቀድሞው ሥራ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ፣ ለማስተካከል ስንት ይፈጃል። «መጥፎ ሥራ ነው የሠሩት» የሚል ዐረፍተ ነገር ዋጋ የለውም። «የድሮው ጎሚኒ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከአዲሱ ሥር ይታያል» የሚለው ግን አለው።

መኪናውን የግድ ማስጠገን ካለባችሁ መጀመሪያ ለዲለሩ በጽሑፍ «በዚህ ቀን ላስጠግን ነው፣ ማየት ከፈለጋችሁ እስከዚያ እዩ» ብላችሁ ጥቂት ቀን ስጧቸው። ከዚያ አስጠግኑ። የወጣውን ዕቃ በፌስታል አስራችሁ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ።

7. ደብዳቤ ጻፉ

ይህ ከኢሜይል ይለያል። የሚጻፈው ለጄኔራል ማናጀሩ ወይም ለባለቤቱ ነው፤ የሚላከው በፖስታ ቤት የመድረሻ ፊርማ በሚያስመልሰው በሰርቲፋይድ ሜይል ነው። አንድ ገጽ አይለፍ። በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ይዘቱ ግን ይህን ይመስላል፦

«የሥራ ትእዛዝ ቁጥር ___። የሻሲ ቁጥር ___። በ___ ቀን መኪናዬን ዘይትና ፊልትሮ ለማስቀየር አምጥቼ 94 ዶላር ከፍያለሁ። ከ41 ማይል በኋላ ዘይት መፍሰስ ጀመረ። በ___ ቀን ለሰርቪስ ማናጀራችሁ አሳይቼ እንዲስተካከል ጠይቄ አልተቀበለኝም። የገለልተኛ መካኒክ ደብዳቤ አያይዣለሁ። የጠየቅኩት፦ የዘይት ለውጥ 94፣ መጎተቻ 135፣ ምርመራ 150፣ ጥገና 640፤ ድምር 1,019 ዶላር። ደብዳቤው ከደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ካልተከፈለኝ ለሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አመለክታለሁ፣ ክስም እመሰርታለሁ።»

ቁጥሩ የራሳችሁ ይሁን፤ እያንዳንዷም ዶላር ደረሰኝ ይኑራት። «ለደረሰብኝ የመንፈስ ጭንቀት 5,000 ዶላር» የሚል መስመር ስትጨምሩ ሌላው ሁሉ ይረክሳል። በፖሊስ ማስፈራራትም አትጨምሩ።

ኡበር ወይም ሊፍት ለምትነዱ፦ የቀረባችሁን ገቢ ለመጠየቅ መኪናው ከመቆሙ በፊት የነበሩትን የአራት ሳምንት የገቢ ዝርዝር ከአፑ አውርዱ። አማካዩን አውጡ፤ የማታወጡትን የቤንዚን ወጪ ቀንሱ። ጀርባው ላይ ያለችው ደቃቃ ጽሑፍ ልትገጥማችሁ ትችላለች፤ ሆኖም በሐቅ የተሰላ ቁጥር ለድርድር ይጠቅማል።

ሲመልሱላችሁ ቼክ ከወረቀት ጋር ሊመጣ ይችላል። «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል ፊርማ ከሆነ መኪናው በእርግጥ መስተካከሉን ሳታዩ አትፈርሙ። ሁለት መቶ ዶላር ተቀብሎ የሁለት ሺውን መብት የሸጠ ሰው አውቃለሁ።

8. ከዲለሩ በላይ

እዚህ ጎን ለጎን መሄድ ይቻላል።

የክሬዲት ካርድ ባንክ። እንደ ስምምነቱ ያልተሰጠ አገልግሎትን የመጀመሪያው ሂሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ። በሥራው ጥራት ብቻ ከሆነ ክርክሩ፣ ክፍያው ከ50 ዶላር በላይ መሆን፣ ዲለሩም በእናንተው ስቴት ወይም ከቤታችሁ በ100 ማይል ውስጥ መሆን አለበት። መጀመሪያ ከዲለሩ ጋር ለመጨረስ መሞከራችሁን ማሳየት ያስፈልጋል (ደረጃ 5 ለዚህም ነው)፤ ገንዘቡም ካርዱ ላይ ገና ያልተከፈለ መሆን አለበት። ስለዚህ ሂሳቡን ለመዝጋት አትቸኩሉ።

ፋብሪካው። የዋስትና ሥራ ከሆነ የፋብሪካውን የደንበኞች መስመር ደውሉና የጉዳይ ቁጥር ተቀበሉ። ያለ ቁጥር ስልኩን አትዝጉ።

የሸማቾች ቢሮ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የራሱ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አለው፤ በካውንቲው ያሉ የመኪና ጥገና ቤቶች እዚያ መመዝገብ አለባቸው፣ ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርሳቸው ቸል አይሉትም። ፌርፋክስ ካውንቲም ቅሬታ ተቀብሎ የሚያሸማግል ክፍል አለው። ሌላ ቦታ ያለ ሰው ለየስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል ያመልክት፤ ዲሲም የራሱ አለው። ማመልከቻው ገንዘብ አያስወጣም። በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሥሪያ ቤቶቹን አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ «አማርኛ» ብቻ በሏቸው።

9. ፍርድ ቤት

ትንንሽ የገንዘብ ክሶች የሚታዩበት ችሎት ጠበቃ አይጠይቅም። ጣሪያው በሜሪላንድ 5,000 ዶላር፣ በቨርጂኒያ 5,000፣ በዲሲ 10,000 ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በዚህ ችሎት ዲለሩም ጠበቃ አያቆምም፤ ከፈለገ ግን ጉዳዩን ወደ መደበኛው የጄኔራል ዲስትሪክት ችሎት ሊያዛውር ይችላል።

ሰው እዚህ የሚወድቀው በስም ነው። ሕንጻው ላይ የተሰቀለው ስም ብዙ ጊዜ ሕጋዊው ስም አይደለም። በተሳሳተ ስም የተከሰሰ ድርጅት ላይ ፍርድ ቢሰጥ እንኳ ገንዘብ መሰብሰብ መከራ ነው። ለሜሪላንድ ኤስዳት የሚባለውን፣ ለቨርጂኒያ የስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽኑን የንግድ መዝገብ ድረ ገጽ ፈልጉ፤ ሁለቱም በነጻ ይታያሉ። እዚያ ሕጋዊውን ስምና መጥሪያ የሚቀበለውን ወኪል ታገኛላችሁ።

አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ በነጻ ይሰጣል። ክሱን ስትከፍቱ ቅጹን አብራችሁ ሙሉ፤ በቀጠሮው ጠዋት የጠየቀ ሰው ለሌላ ቀን ይመለሳል።

ዳኛው ፊት ያላችሁ ደቂቃ ጥቂት ነው። ወረቀቶቹን በቀን ተራ አስቀምጡ፣ ሦስት ቅጂ አድርጉ፦ ለዳኛው፣ ለዲለሩ፣ ለራሳችሁ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አትሙ። የመካኒኩ ደብዳቤ ጥሩ ነው፤ ራሱ መካኒኩ ቢመጣ ግን በጣም ይበልጣል። ካርቶኑንና ፌስታሉንም ያዙ።

10. መኪናው ሲመለስላችሁ

በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢስተካከል፣ ቁልፉን ተቀብላችሁ ቀጥታ ወደ ቤት አትንዱ። ከግቢው ሳትወጡ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት እንደቆየ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ እዩ። ከልኩ በታችም በላይም መሆን የለበትም። አስነስታችሁ ከሥሩ ተመልከቱ። ፍሬኑን ግቢው ውስጥ ሞክሩ። ማይሉን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ።

አዲሱ የሥራ ትእዛዝ ላይ «ያለ ክፍያ የተደገመ ሥራ» ተብሎ መጻፉንና ምን እንደተቀየረ መዘርዘሩን አረጋግጡ። ከ50 ማይል በኋላ እንደገና ከሥሩ እዩ፤ የጎማ ቡሎን የተነካ ከሆነም ጥብቀቱን አስለኩ። በሚቀጥለው ሰርቪስ መኪናውን ከመስጠታችሁ በፊት የካቢን ፊልትሮው ጠርዝ ላይ በእስኪሪብቶ ቀን ጻፉ።